ስሙ ይጻፍ ወይስ ይሰረዝ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አሠሪ አልለቅ ብሏችሁ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ የቀራችሁ እኅቶቻችን፣ አስበናችኋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዕዳዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ለተጠየቅሁት ጥያቄ በችኮላ የሰጠሁት መልስ ነበረ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ቆይቶ ባርመው ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጠበል ጠዲቅ እየቀመስን ሳለ ሁለት እኅቶች በአንድ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይከራከራሉ። አንደኛዋ በቲክቶክ የምትከታተለው ቀልደኛ አለ፤ ተከታዮቹ ሁለት ሚሊዮን ደርሰዋል አለች። አድናቂዎቹ ዊኪፔዲያ ላይ ስለ እርሱ ገጽ ከፍተውለት ሳምንት ሳይሞላው ተሰረዘ። የተሰጠው ምክንያት «በመዝገቡ ለመግባት የሚያበቃ ማስረጃ የለም» የሚል ነው። «ሁለት ሚሊዮን ሰው የሚያውቀውን ሰው አይታወቅም የሚለው ማን ነው?» እያለች ትቆጣለች። ሁለተኛዋ ደግሞ «ድሮስ የሚያሾፍና የሚጨፍር ሰው ከነገሥታትና ከሊቃውንት ጋር በአንድ መዝገብ ምን ይሠራል? እንኳን ተሰረዘ!» አለች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

እኔም የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝሁ «ስልክ ፊት የዘለለ ሁሉ ይመዝገብ ከተባለማ መዝገቡ መዝገብ መሆኑ ይቀራል» ብዬ ሳቅሁ። ሰዉም ሳቀ። ያልሳቀች አንዲት እኅት ነበረች። ማን እንደ ሆነች አልናገርም። ከዓመታት በፊት በአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ሆና ለጓደኛዋ የላከችው አጭር ቪዲዮ ከእጅ አምልጦ፣ እዚህም አገር ቤትም እየተዘዋወረ ብዙ ሰው ተሳልቆባታል። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች። ማታ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም እርሷ ናት።

እንግዲህ በሳቅ ያለፍሁትን ጥያቄ ረጋ ብዬ ልመልሰው። በኢንተርኔት ስም ያገኙ ሰዎች በመዝገበ ዕውቀት ገጽ ሊኖራቸው ይገባል?

አስቀድሜ መዝገቡ ራሱ ምን እንደ ሆነ ልናገር፤ ብዙዎቻችን በየቀኑ እየከፈትነው እንዴት እንደሚሠራ አናውቅምና። ዊኪፔዲያ የተጀመረው በጥር ወር 2001 እ.ኤ.አ. ነው። የሚጽፉት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉ፤ በእኛ በአማርኛው ግን ወደ 15 ሺህ ገደማ ናቸው። (ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።) ማንም ሰው ገጽ መክፈት ይችላል፤ ገጹ እንዲቆይ ግን ሌሎች ፈቃደኞች ይመረምሩታል። ስለ አንድ ሰው ሲጠይቁ ዋናው ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ ከሰውየው ጋር ጥቅም የሌላቸው፣ የሚታመኑ ጋዜጦች፣ መጻሕፍት ወይም የጥናት ጽሑፎች ስለ እርሱ በሰፊው ጽፈዋል ወይ? የተከታይ ብዛት ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አይቆጠርም። ተከታይ በገንዘብ እንደሚገዛ፣ ሐሰተኛ አካውንት በሺህ እንደሚከፈት ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያም በላይ፣ ሁለት ሚሊዮን ሰው አንድን ሰው ቢወድደው የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ሠራ፣ የሚናገረው እውነት መሆኑን ያ ቁጥር አይነግረንም። ታዲያ ጸሐፊው ከምን ላይ ይጻፍ? ከራሱ ከቀልደኛው አፍ? እንዲህ ከሆነ መዝገቡ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዋ እኅቴ የተናደደችበት መልስ ሰውየውን ማንቋሸሽ አልነበረም። «ስለ እርሱ የሚታመን ነገር ገና አልተጻፈም» ማለት ነበር። የመዝገቡ ሰዎችም ቢሆኑ አነጋገራቸውን ቢያለዝቡት መልካም ነበር፤ «አንተ አትጠቀስም» የተባለ ሰው ሁሉ «አንተ ከንቱ ነህ» እንደ ተባለ አድርጎ ነው የሚሰማው።

ሁለተኛዋ እኅትና እኔ የሳትነው ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ነው። እኛ መዝገቡን እንደ ስንክሳር አየነው።

ስንክሳራችንን ታውቁታላችሁ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ እኛ ዛሬ በምንሠራበት አገር ቋንቋ በኩል ወደ አባቶቻችን ደረሰ ማለት ነው። ስንክሳር የሚጽፈው ልናከብራቸው፣ በጸሎታቸው ልንማጠን የሚገባንን ነው። በስንክሳር መጻፍ ክብር ነው። የነገሥታት ዜና መዋዕል ግን እንዲህ አይደለም፤ ደጉንም ክፉውንም፣ ድሉንም ሽንፈቱንም ይጽፋል። መዝገበ ዕውቀት የዜና መዋዕል ዘመድ ነው። ሂትለርም ገጽ አለው፣ ኔሮንም ገጽ አለው። ማንም «እንዴት አከበራችሁት?» ብሎ አይጠይቅም።

በኤፌሶን የሆነውን አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ላስታውሳችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ356 ዓመት አንድ ሰው ታላቁን የአርጤምስን ቤተ መቅደስ አቃጠለ። ለምን ቢሉት ስሙ ለዘላለም እንዲጠራ ነው አለ። የኤፌሶን ሰዎች ስሙን የሚያነሣ እንዳይኖር ከለከሉ፤ ቴዎጶምጶስ የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ ግን ጻፈው፤ ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሊረሳ አልቻለም። ኤፌሶናውያን አሳዘኑኝ፤ እውነት ይዘው ነበር። ዝና ፈልጎ ክፉ ለሠራ ዝናውን መስጠት ሌላውን መጋበዝ ነው። ነገር ግን ቴዎጶምጶስም እውነት ነበረው፤ ያ ቤተ መቅደስ እንዴት እንደ ጠፋ የሚጠይቅ ሰው መልስ ይፈልጋል። (እኔ በበኩሌ ስሙን ሳልጽፍ አለፍሁ፤ የፈለገ ይፈልገው።)

አሁን የመጀመሪያዋን እኅት ክርክር በሙሉ ልቤ ልከራከርላት፤ ባለፈው እሑድ ዕድሉን አልሰጠኋትምና። መዝገቡ ወረቀት የለውም፤ ስለ አንድ ቀልደኛ ስለ ተጻፈ የአንድ ሊቅ ቦታ አይያዝም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በጃፓን የልጆች ጨዋታ ለሚገኙት ለፖኬሞን ፍጥረታት ለእያንዳንዳቸው ገጽ ነበራቸው። ላልተፈጠረ ፍጥረት ገጽ ሰጥቶ የእግዚአብሔርን ፍጥረት መከልከል ያሳፍራል ቢባል መልስ የለኝም። ደግሞም በስልክ የሚታይ ሰው ሁሉ ቀላል ሰው አይደለም። ካቢ ላሜን ውሰዱ። በሴኔጋል ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ ጣልያን የተሰደደ ወጣት ነው። በቱሪን አጠገብ በአንድ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ሲጀምር ከሥራ ወጣ። ቤት ተቀምጦ አንድም ቃል ሳይናገር በእጁና በፊቱ ብቻ የሚያስቅ ቪዲዮ መሥራት ጀመረ። በሰኔ 2022 በቲክቶክ ከዓለም በተከታይ ብዛት አንደኛ ሆነ። የጣልያን ዜግነት ያገኘው ግን ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል የኖረበት አገር ዜጋው ያደረገው ዓለም ካወቀው በኋላ መሆኑን ስታስቡ፣ ስደተኛ ሆናችሁ ይህን ስታነቡ፣ ይህ ከቀልድ በላይ የሆነ ታሪክ መሆኑ አይታያችሁም? ጋዜጦች መርምረው ጻፉት፤ መዝገቡም መዘገበው። ይገባል እላለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እርሱም እኛን በቀጥታ ይነካናል። ወደዚህ አገር ከመምጣታችሁ በፊት ስንቶቻችሁ ናችሁ ስለ ቤሩት፣ ስለ ዱባይ፣ ስለ ሪያድ ከአንድ ስልክ ላይ ያያችሁት? የሚያብረቀርቅ ፎቅ፣ አዲስ ልብስ፣ «በሁለት ዓመት ቤት ሠራሁ» የሚል ፊት። ዛሬ ልጆቻችን የትኛውን ደላላ እንደሚያምኑ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚገዙ፣ ገንዘባቸውን ለማን እንደሚሰጡ የሚመክሯቸው እነዚህ የስልክ ዝነኞች ናቸው። ዝነኛው ስለ ራሱ የሚናገርበት ቦታ ሞልቶታል። ሌሎች ስለ እርሱ ያረጋገጡት ነገር የሚገኝበት ቦታ ግን የት አለ? በዚህ ዐይን ካየነው ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። «ለዝነኛው ገጽ ይገባዋል ወይ?» ስንል ኖረናል። የሚገባው አንባቢው ነው። ሰባት መቶ ሺህ ሰው የሚከተለውን ሰው ማንነት፣ ቀድሞ በምን እንደ ተከሰሰ፣ በምን እንደ ተመሰገነ ለማወቅ የምትፈልግ አንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ አለች እንበል። ገጹ የሚጻፈው ለእርሷ ነው።

ይህን ካልሁ በኋላ ደግሞ የሚያሳስበኝን አልደብቅም። ማስረጃ ሲባል የሚጽፉት ጋዜጦች ናቸው፤ ጋዜጦች ደግሞ ዐይናቸው ሁሉን እኩል አያይም። ዶና ስትሪክላንድ የተባለች ካናዳዊት የፊዚክስ ሊቅ አለች። በጨረር ብርሃን ላይ የሠራችው ሥራ ዛሬ ለዐይን ቀዶ ሕክምና እንኳ ይጠቅማል። በ2018 እ.ኤ.አ. በግንቦት አንድ ሰው ስለ እርሷ ረቂቅ ገጽ አቅርቦ ነበር፤ የቀረቡት ማስረጃዎች በቂ አይደሉም ተብሎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጀመሪያ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። በፊዚክስ ይህን ሽልማት ስታገኝ ከሴቶች ሦስተኛ፣ በ55 ዓመት ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያዋ ነበረች። ገጿ የተከፈተላት ሽልማቱ በተሰማበት ቀን ነው። ጠዋት የማትጠቀስ የነበረች ሴት ከሰዓት በኋላ ተጠቃሽ ሆነች። ሥራዋ ግን በ1985 የታተመ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ነበረ።

ረቂቁን የመለሰው ፈቃደኛ ክፉ ሰው ይመስላችኋል? አይመስለኝም። ያለ ማስረጃ አልቀበልም ያለ ሰው ነው፤ ይህን ደንብ ከላይ አመስግኜዋለሁ። ግን መዝገቡ መስታወት ነው፤ ዓለም ያላየውን ማሳየት አይችልም። ለቀልደኛ ብዙ ጋዜጠኛ ይሮጣል፤ በቤተ ሙከራ ለምትሠራ ሴት፣ በጎንደር ቅኔ ለሚያስቆጥር መምህር ማን ይሮጣል? ያዙልኝ ያልኋችሁ ቁጥር እዚህ ላይ ይመጣል። በአማርኛ 15 ሺህ ገደማ። ስንት የቅኔ መምህር፣ ስንት አዋላጅ እናት፣ ስንት የድልድይ ግንበኛ አልፈዋል? መዝገቡ የማያውቃቸው ስለ ናቀን ነው ብሎ መክሰስ ይቀላል። እውነቱ ግን አብዛኛውን አልጻፍነውም፤ በቃል ይዘነው ኖርን፤ ቃሉም ከያዡ ጋር ተቀበረ።

አሁን ወደዚያች ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ ወጣችው እኅት ልመለስ።

በ2002 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ በኩቤክ፣ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ብቻውን ሆኖ ዱላ እንደ ሰይፍ እያወዛወዘ ሲጫወት ራሱን ቀረጸ። ካሴቱን ረስቶት ሄደ። በቀጣዩ ዓመት አብረውት የሚማሩት አግኝተው ያለ ፈቃዱ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች አዩት፤ ሳቁበት፤ ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ እስኪያቅተው ድረስ ተሠቃየ። በዊኪፔዲያ ስለ ቪዲዮው ገጽ ተከፈተ። የልጁ ስም ግን ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ስሙ በጋዜጦች ታትሟል፤ ማስረጃው ሞልቷል። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ፈቃደኞቹ ስሙን ለዓመታት አስቀሩት። ልጁ አድጎ በራሱ ፈቃድ በአደባባይ እስከ ተናገረበት እስከ 2013 ድረስ።

ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ማስረጃ አላቸው፣ መጻፍ ይችላሉ፣ አልጻፉም። እንግዲህ በአንድ ነገር ብቻ የታወቀ፣ ያውም ሳይፈልግ የታወቀ ሰው፣ ያ አንድ ነገር ሙሉ ሕይወቱ ሆኖ እንዳይጻፍበት የሚል ልማድ በመካከላቸው አለ። በንስሐ የምናምን እኛ ይህን ከማንም ቀድመን ልንረዳው ይገባን ነበር። ካህኑ የሰማውን ኃጢአት በመዝገብ አያኖርም። በወንጌልም ጌታችንን ሽቱ የቀባችውን ሴት አስቡ። ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ያደረገችው እንዲነገርላት ጌታ ተናገረ፤ ማቴዎስና ማርቆስ ግን ስሟን አልጻፉም። ሥራዋ ተጻፈ፣ ስሟ ተሸሸገ፣ ክብሯም አልጎደለም። አልዓዛርና ባለጠጋውን ደግሞ እዩ። በአገሩ ሁሉ የሚታወቀው፣ ሐምራዊ ልብስ የለበሰው ሰው በወንጌል ስም የለውም፤ ነዌ የምንለው እኛ በትውፊት ነው። ስም የተጻፈለት በደጁ የተጣለው ድኻ ነው። ተከታይ በመቁጠር ቢሆን ኖሮ ተገላቢጦሽ ይሆን ነበር።

ስለ ሐሰት ደግሞ ጥቂት ልበል። በ2005 ጆን ሲገንታለር በተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ገጽ ላይ አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥሮ ነበር ብሎ ጻፈ። ሲገንታለር ከሮበርት ኬኔዲ ጋር የሠራ፣ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ የነበረ ሰው ነው። ያ ሐሰት አራት ወር ያህል እዚያው ቆየ። ገጽ ማግኘት በረከት ብቻ የሚመስላችሁ ይህን አስቡ፤ ደጃችሁን ሌሊትና ቀን ክፍት አድርጋችሁ እንደ መተኛት ነው። ገንዘብም ገብቶበታል። በ2015 ዊኪፔዲያ 381 አካውንቶችን በአንድ ጊዜ ዘጋ። ረቂቃቸው የተመለሰባቸውን ሰዎች እየፈለጉ «ክፈሉና ገጻችሁን እናወጣለን» ሲሉ የተገኙ ናቸው። ስሙ እንዲጻፍ የሚከፍል ሰው ሞኝ ነው ብለን እንዳንስቅ ደግሞ፣ እስቲ የመጋረጃችንን ጫፍ፣ የወንበሮቻችንን ጀርባ አንብቡ። «በእነ እገሌ የተበረከተ» የሌለበት ስንት ነው? እኔም ራሴ አንድ ምንጣፍ ላይ አለሁ።

ታዲያ ምን ልበል? ለሁለቱ እኅቶቼ የማርመው መልስ ይህ ነው። የሥራው ዓይነት አያስከለክልም፤ ቀልድም ጭፈራም የሰው ሥራ ነው፤ ጥቅም የሌላቸው ሰዎች መርምረው ከጻፉለት ገጹ ይቆይ፣ ብንወድደውም ባንወድደውም። የተከታይ ቁጥር ግን በር አይከፍትም። ሳይወድ በአንድ ቪዲዮ የታወቀ ሰው፣ ይልቁንም ልጅ ከሆነ፣ ሚሊዮን ቢያየውም ስሙ ይተው። አሁንም ያልተፈታልኝ ነገር አለ፤ በአማርኛ ብቻ የሚታወቁት፣ ስለ እነርሱ የሚጽፍ ጋዜጣ የሌላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ደንቡን እናላላ ብንል ማስታወቂያው ይጎርፋል፤ እናጥብቅ ብንል የቅኔው መምህር ውጭ ይቀራል። በዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ የምታስቡ ጻፉልኝ።

የመጀመሪያዋ እኅት ባለፈው ረቡዕ ደውላ «እሺ መምህር፣ የእርሱ ይቅር፤ ግን ይህን ማኅበር የጀመሩትን እናቶች ማን ነው የጻፋቸው?» አለችኝ። ዝም አልሁ። በሰኔ 2020 አሠሪዎች ልጆቻችንን አምጥተው በቆንስላው በር ላይ ሲጥሏቸው፣ በየቤታቸው ሩዝ ቀቅለው ይዘው የወጡት እነማን እንደ ነበሩ ከመካከላችን ስንቶቻችን በስም እናውቃለን? ይህ ለመዝገበ ዕውቀት የሚሆን ማስረጃ እንደማይሆን ነገርኋት። «አውቃለሁ፤ ለእኛ ነው» አለች። አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝታለች። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ትቀመጣለች። የማኅበሩ የመጀመሪያ ዓመታት ፎቶግራፍ፣ የድሮ የመዋጮ ዝርዝር ወይም ደብዳቤ ያላችሁ ይዛችሁላት ኑ። ስሙ እንዲጻፍ የማይፈልግ ሰው ካለ አስቀድሞ ይንገራት፤ የሠራውን ብቻ ትጽፋለች።

ይቆየን።